የጎማ ንፋስ መብራት አልጠፋ ሲል፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ ስለ አንድ ቢጫ መብራት ናቸው፦ አፉ የተከፈተ ማሰሮ የሚመስለው፣ መሃሉ ላይ ቃለ አጋኖ ያለበት። ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁት እንዴት እንደሚጠፋ ነው። እኛ ደግሞ በየመልሱ ወደ አንድ ነገር መመለሳችን አልቀረም፦ መጀመሪያ ለምን በራ?

ጥያቄ፦ መኪናዬ ቶዮታ ናት። የጎማ ንፋስ መብራት ሲበራብኝ ከመሪው በታች ያለውን በተን ተጭኜ አጠፋዋለሁ፤ ሁለት ቀን ሳይቆይ ተመልሶ ይበራል። በተኑ ተበላሽቶ ነው ወይስ አጫጫኔ?

መልስ፦ በተኑም አጫጫንዎም ደህና ሳይሆኑ አይቀሩም። የተሳሳተው ቅደም ተከተሉ ነው። ያ በተን የመብራት ማጥፊያ አይደለም። ለመኪናዋ «አሁን ያለው ንፋስ ልክ ነውና መዝግቢው» የሚል ትእዛዝ መስጫ ነው። ንፋሱ ጎድሎ ሳለ ሲጫኑት ጉድለቱን ልክ አድርጋ ትይዛለች፤ መብራቱም የሚጠፋው ለዚህ ነው።

በቁጥር እንየው። ጎማዎ 32 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) የሚፈልግ ቢሆንና መኪናዋ 25 በመቶ ሲጎድል የምታስጠነቅቅ ብትሆን መብራቱ 24 ላይ ይበራል። ንፋሱ 26 ላይ ሳለ በተኑን ከተጫኑ ግን ማስጠንቀቂያው ወደ 19 ተኩል ይወርዳል። በ19 ተኩል የሚሄድ ጎማ ጎኑ በየዙሩ እየታጠፈ ይግላል፤ ከውጭ ሲያዩት ግን ትንሽ የተኛ ከመምሰል በቀር ምንም አይሉትም። አደጋው እዚያ ላይ ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ መብራቱ በሁለት ቀን ከተመለሰ ከጎማዎቹ አንዱ በርግጥ እያፈሰሰ ነው። ጤነኛ ጎማ በወር ከ1 እስከ 2 ፒኤስአይ ገደማ ቢያጎድል ነው፣ በሁለት ቀን ለመብራት የሚያበቃ ጉድለት አያመጣም። ስለዚህ በመጀመሪያ ማፍሰሻውን ይፈልጉ። ጎማዎቹን ልካቸው ድረስ ያስሞሉ፣ የእያንዳንዱን ቁጥር ይጻፉ፣ በማግስቱ ጠዋት መኪናዋ ሳትነቃነቅ እንደገና ይለኩ። የጎደለው የትኛው እንደሆነ ከታወቀ በኋላ በሳሙና ውሃ ያርሱት፦ መሬት የሚረግጠውን ፊት፣ ቫልቮላው ከቸርኬው የሚወጣበትን ዙሪያ፣ ጎማው ከቸርኬው ጋር የሚገጥምበትን ከንፈር በሁለቱም ጎን፣ በመጨረሻም የቫልቮላውን አፍ። ጎሚስታዎች የቫልቮላውን አፍ በምራቅ ሲፈትሹ አይተው ይሆናል፤ ነገሩ ያው ነው፣ አረፋ ከነፋ ያፈስሳል። ፊቱ ላይ የተሰካ ሚስማር ካገኙ እዚያው አይንቀሉት። ሲነቀል በቀን ሦስት ፒኤስአይ ያጎድል የነበረው ጎማ በደቂቃ ሊተኛ ይችላል።

ፍሳሹ ከተደፈነ በኋላ የሚከተለውን ያድርጉ። መኪናዋ ቢያንስ 3 ሰዓት የቆመች ወይም ከ1.6 ኪሎ ሜትር ያልበለጠ የሄደች ትሁን። የሾፌሩን በር ከፍተው በበሩ ፍሬም ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ያንብቡ፤ የፊትና የኋላው ልክ ሊለያይ ይችላል። ጎማው ጎን ላይ የታተመውን ቁጥር ይተዉት፤ እሱ ጎማው የሚችለው የመጨረሻው ልክ እንጂ ለመኪናዎ የሚመከረው አይደለም። አራቱንም ወረቀቱ እንደሚለው ይሙሉ። ከዚያ ቁልፉን ኦን ላይ ያድርጉ፣ ሞተር ማስነሳት አያስፈልግም። መብራቱ ቀስ እያለ 3 ጊዜ ብልጭ እስኪል በተኑን ተጭነው ይያዙ፣ ከዚያ ይልቀቁ። አሁን አይቸኩሉ፦ ቁልፉን ኦን ላይ እንዳለ ጥቂት ደቂቃ ይተዉት። ብዙ ሰው 3 ብልጭታ እንዳየ ቁልፉን ስለሚያጠፋው ምዝገባው ሳያልቅ ይቋረጣል።

ጥያቄ፦ የኔ መኪና እንዲህ ያለ በተን የላትም። ባለሙያው ደግሞ «ይህ መኪና በጎማው ውስጥ ሴንሰር የለውም» አለኝ። ሴንሰር ሳይኖር እንዴት ያውቃል?

መልስ፦ በጎማው ውስጥ ባይኖርም ከፍሬኑ ጋር የሚሠሩ የጎማ ፍጥነት ሴንሰሮች አሉ፤ ኤቢኤስ የሚባለው፣ ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት የሚጠቀምባቸው። ንፋሱ የጎደለ ጎማ ይጨመቃል፤ ከመሬት እስከ መሃሉ ያለው ርቀት በጥቂቱ ያጥራል፤ ስለዚህ ያንኑ መንገድ ለመሄድ ከሌሎቹ ጥቂት ዙር ይበልጥ ይዞራል። ዙሪያው 2 ሜትር የሆነ ጎማ በ1 ኪሎ ሜትር 500 ጊዜ ይዞራል። የአንዱ ጎማ ቆጠራ ከሦስቱ ትንሽ ከፍ ካለ ኮምፒውተሩ ይጠረጥራል። በዓይን የማይታይ ልዩነት ነው።

ይህ ዘዴ ርካሽና የማይሰበር ነው፤ ድካሙ ግን ሁለት ነው። አንደኛ ማወዳደር ብቻ ስለሚችል አራቱ ጎማ እኩል ከጎደሉ ለማወቅ ይቸገራል። ሁለተኛ፣ ጎማ ሲቀየር፣ ሲዟዟር ወይም ንፋስ ሲስተካከል የተማረው ሁሉ ከንቱ ስለሚሆን እንደገና መማር ይኖርበታል።

በጎማው ውስጥ ሴንሰር መኖሩን ለማወቅ በዳሽቦርዱ ላይ የእያንዳንዱ ጎማ ንፋስ በቁጥር የሚታይ ከሆነ፣ አለ ማለት ነው። ቫልቮላው በቸርኬው ላይ በዳዶ የታሰረ ብረት ከሆነም በአብዛኛው አለ። የጎማ ምስል ያለበት በተን መኖሩ ግን ምንም አያስረዳም፤ ብዙ ቶዮታዎች ሴንሰሩም በተኑም አላቸው።

በተን የላትም ላሏት መኪናዎ በስክሪኑ ወይም በመሪው ላይ ባሉት ማሸብለያዎች ወደ ተሽከርካሪ ማስተካከያ ይግቡ፤ አዳዲስ ሞዴሎች ሁሉንም እዚያ ደብቀውታል። ቮልስዋገን ላይ እዚያ ካጡት የዳሽቦርዱን ኪስ ይክፈቱ፤ በአንዳንዶቹ ውስጡ በተን አለ፣ ድምፅ እስኪሰጥ ድረስ ይያዙት። አንዳንድ ሂዩንዳይና ኪያ ላይ በተኑ 3 ሰከንድ ያህል ይያዛል፣ መብራቱም ለ4 ሰከንድ ያህል ይበራል። ሆንዳ ላይ መብራቱ 2 ጊዜ ብልጭ ሲል ይለቀቃል፤ ሥራው ግን ያኔ ይጀምራል እንጂ አያልቅም፦ በድምሩ 30 ደቂቃ ገደማ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት በሆነ ፍጥነት መነዳት ይኖርበታል። በአንድ ጊዜ መሆኑ ግዴታ አይደለም፤ የዛሬው 10 ደቂቃ ከነገው 20 ጋር ይደመራል። ብዙ ኒሳን ደግሞ ምንም የሚጫኑት ነገር የለም። ልኩ ድረስ ሞልተው ከ25 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ ሲነዱ በራሱ ይጠፋል። አንዳንዱም ንፋስ እየተሞላ ሳለ ልኩ ላይ ሲደርስ በጡሩምባው ይነግርዎታል፤ እኛ ከሁሉም የምንወደው ይሄን ነው።

ጥያቄ፦ ጠዋት መኪና ሳስነሳ መብራቱ ይበራል፣ ረፋድ ላይ በራሱ ይጠፋል። ሲለካ ጎማው ደህና ነው ይሉኛል።

መልስ፦ የሚለኩት ረፋድ ላይ ስለሆነ ነው። በ5 እና 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ልዩነት የጎማ ንፋስ 1 ፒኤስአይ ገደማ ከፍና ዝቅ ይላል። ቀን በ25 ዲግሪ 27 ያሳየ ጎማ፣ ሌሊቱ ወደ 5 ዲግሪ ሲወርድ 24 ላይ ያድራል። ጠዋት ሲነሱ መኪናዋ 24ቱን አይታ አበራች፤ ጎማው ሄዶ ሲሞቅ ንፋሱ ስላበጠ አጠፋች። መብራቱም ጎማውም አልዋሹም፤ 27ቱ ራሱ ልክ አልነበረም። ማለዳ ከቤት ሳይወጡ በራስዎ መለኪያ ይለኩና የወረቀቱ ልክ 32 ከሆነ 32 ያድርጉት፣ ጨዋታው ያበቃል።

ግድ ሆኖ ጎማው ትኩስ ሳለ የሚሞሉ ከሆነ ከወረቀቱ ልክ ከ3 እስከ 4 ፒኤስአይ አብልጠው ያስሞሉና በማግስቱ ጠዋት ያስተካክሉ። ትኩስ ጎማ ብዙ አሳየ ብሎ ማስተንፈስ ግን ስህተት ነው፤ በማግስቱ ጠዋት ያው መብራት በር ላይ ይጠብቅዎታል።

ጥያቄ፦ ከደጋ ወደ ቆላ ስወርድ ንፋሱ የሚቀንሰው ለምንድን ነው? ቆላው ሞቃት ነው፣ መጨመር አልነበረበትም?

መልስ፦ ሁለት ኃይሎች ይጎተታሉ። የተለመደው መለኪያ የሚያሳየው በጎማው ውስጥና በውጭ ባለው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ወደ ታች ሲወርዱ የውጭው አየር ይከብዳል፤ በ1,000 ሜትር መለኪያው 1.5 ፒኤስአይ ገደማ ያንሳል። ሙቀቱ ደግሞ ወደ ላይ ይገፋዋል። አንዳንዴ ይቻቻላሉ፣ አንዳንዴ አይቻቻሉም። 2,000 ሜትር ወርደው እዚያው የሚሰነብቱ ከሆነ፣ በደረሱ ማግስት ጠዋት ይለኩ።

ጥያቄ፦ መኪናዬን ሳስነሳ መብራቱ አንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ይልና ከዚያ በርቶ ይቀራል። ንፋሱን አሥር ጊዜ አስተካክያለሁ።

መልስ፦ ንፋስ መሙላቱን ያቁሙ፤ የእርስዎ ችግር ንፋስ አይደለም። ወዲያው በርቶ የሚቀር መብራት ንፋስ ጎደለ ነው። ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ብልጭ ብሎ በርቶ የሚቀረው ግን ሥርዓቱ ራሱ ታሟል ማለት ነው፤ ከአንዱ ሴንሰር መልእክት አልደረሰም። ያኔ ሌላ ጎማ ቢጎድል እንኳ ላይነግርዎ ይችላል።

የተለመደው ምክንያት ባትሪ ነው። በጎማው ውስጥ ያለው ሴንሰር የራሱ ትንሽ ባትሪ አለው፤ ከ5 እስከ 10 ዓመት ይሠራል። ባትሪው በሙጫ ስለተደፈነ አይቀየርም፤ ሴንሰሩ ሙሉ ይቀየራል። በአሜሪካ ከ2007 መስከረም ወዲህ፣ በአውሮፓ ደግሞ ከ2014 ኅዳር ወዲህ ለሚሸጡ አዳዲስ መኪኖች ሁሉ ይህ ማስጠንቀቂያ ግዴታ ሆኗል (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተመረቱት ላይ ከፋብሪካ የመጣው ሴንሰር እስካሁን ካለ፣ ዕድሜውን ጨርሷል ብሎ መጀመር ይሻላል። አንዱ ከሞተ ሦስቱም አብረው የተወለዱ ናቸውና ጎማ በሚቀይሩበት ቀን አራቱንም አንድ ላይ መቀየር የእጅ ዋጋ ያድናል።

ሲገዙ ሁለት ነገር ይመልከቱ። የመጀመሪያው ሴንሰሩ የሚያስተላልፍበት ሞገድ ነው፦ በሴንሰሩ ገላ ላይ 315 ወይም 433 ሜጋኸርዝ ተብሎ ይጻፋል። ለጃፓን ገበያ የተሠሩና ብዙ የአሜሪካ መኪኖች 315፣ የአውሮፓዎቹ 433 ናቸው። 433 የሚሰማ መኪና 315 ሴንሰር ቢገጠምለት አይሰማውም፣ ምንም ዓይነት ሪሴት አይረዳውም። ሁለተኛው የሴንሰሩ መለያ ቁጥር ነው። መኪናዋ የምታውቀው ያንን ቁጥር ነው እንጂ ሴንሰሩን አይደለም። ስለዚህ ባለሙያው ከመግጠሙ በፊት የአሮጌውን ቁጥር አንብቦ በአዲሱ ላይ ይጻፈው፤ አሮጌው ሞቶ ካልተነበበ ደግሞ አዲሶቹን በመመርመሪያ መሣሪያ ወደ መኪናዋ ያስገባቸው።

ጥያቄ፦ ጎማ በቀየርኩ ማግስት መብራቱ በራ። የቀየረልኝ ሰው «ሴንሰሩ ስለተሰበረ ተራ ቫልቮላ ገጥሜልሃለሁ፣ መብራቱ ላይ ፕላስተር ለጥፍበት» አለኝ። ትክክል ነው?

መልስ፦ መኪናዋ በተራ ቫልቮላም ትሄዳለች፤ በዚያ ጎማ በኩል ግን ዕውር ሆናለች። ፕላስተሩ የሚሸፍነው የእርስዎን ዓይን ነው።

ሴንሰር የሚሰበረው በአብዛኛው ጎማው ከቸርኬው ሲላቀቅ ነው። የሴንሰሩ ሳጥን ከቫልቮላው ሥር፣ ከቸርኬው ጋር ተጣብቆ ስለሚቀመጥ ማላቀቂያው ክንድ ቫልቮላው አጠገብ ሲጫን ከጎማው ከንፈር ጋር አብሮ ይጨፈልቀዋል። መፍትሔው ቫልቮላው በማላቀቂያው ተቃራኒ በኩል እንዲሆን ጎማውን ማዞር ነው። ሥራው ሲጀመር ቆመው «ሴንሰር አለው» ብሎ መናገር በቂ ነው፤ የማይሰማ ካለ ሌላ ቦታ ይሂዱ።

ጎማ በተቀየረ ቁጥር የሴንሰሩ ጎሚኒ፣ ዳዶ፣ የቫልቮላ መርፌና ክዳን ይቀየራሉ፤ አንድ ላይ ታሽገው ይሸጣሉ። ዳዶው በኃይል አይጠበቅም፤ በአብዛኛው ከ4 እስከ 8 ኒውተን ሜትር ይበቃዋል። ከዚያ ካለፈ ጎሚኒው ይጨፈለቅና ያፈስሳል፣ ወይም አሉሚኒየሙ ይሰነጠቃል።

መርፌውን በተመለከተ አንድ ነገር አይዘንጉ። የሴንሰሩ ቫልቮላ አሉሚኒየም ከሆነ ኒኬል የተቀባ፣ ብርማ መልክ ያለው መርፌ ይገጠምለት። ቢጫ የነሐስ መርፌ ከገባበት እርጥበት ሲያገኛቸው ሁለቱ ብረቶች እርስ በርስ ይበላላሉ፤ ከዓመት በኋላ ሊፈቱት ሲሞክሩ መርፌው ተጣብቆ ቫልቮላው በእጅዎ ላይ ይሰበራል። ክዳኑም እንደዚያው፦ የሚያብረቀርቀውን የብረት ክዳን ትተው ፕላስቲኩን ያድርጉበት። ክዳን በፒንሳ እየተፈታ የሴንሰር ቫልቮላ አብሮ ሲዞር የሚታየው በዚሁ ጌጥ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ የባትሪ ገመድ ለ10 ደቂቃ ነቅዬ ብመልስ መብራቱ ይጠፋል ይላሉ።

መልስ፦ ቢጠፋም ምክንያቱ ከቀረ ይመለሳል። በምትኩ የሰዓት፣ የሬዲዮና በአንዳንድ መኪና የመስኮት ማስተካከያ ያጣሉ። አይንኩት።

ጥያቄ፦ የፊቱን ጎማ ከኋላው አቀያየርኩ። አሁን ዳሽቦርዱ «የፊት ግራ ጎደለ» ሲል የጎደለው የኋላ ግራ ሆኖ አገኘሁት።

መልስ፦ ሴንሰሮቹ ቦታ ሲቀያየሩ መኪናዋ አልተነገራትም። አንዳንዶቹ ጥቂት ሲነዱ በራሳቸው ይለዩታል፤ ያልለየ ከሆነ ቦታውን ማስተማር ያስፈልጋል። በብዙ የጄነራል ሞተርስ ምርቶች ላይ የማስተማሪያው ሁነታ ሲከፈት ጡሩምባው ሁለት ጊዜ ያሰማል። ከዚያ ከፊት ግራ ተነስቶ፣ ፊት ቀኝ፣ ኋላ ቀኝ፣ ኋላ ግራ እያሉ እያንዳንዱን ሴንሰር በመቀስቀሻ መሣሪያ ማስነሳት ነው። በየጎማው ጡሩምባው አንድ ጊዜ ይሰማል፣ ሲያልቅ ሁለት ጊዜ። ተራው ከተዛባ ወይም ሰዓቱ ካለፈ ከመጀመሪያው ይጀመራል፤ መጀመሪያ መሣሪያውን አዘጋጅተው፣ ከዚያ ሁነታውን ይክፈቱ።

ጥያቄ፦ አራቱም ጎማ ልክ ነው፣ በተኑንም በትክክል ተጭኛለሁ፣ መብራቱ ግን አለ።

መልስ፦ ስኮርታውን ለክተዋል? አንዳንድ መኪኖች በተለይ ሙሉ መጠን ስኮርታ ያላቸው፣ አምስተኛ ሴንሰር አላቸው። ከሥር ታስሮ ዓመት ያልታየ ስኮርታ 20 ፒኤስአይ ላይ ቢገኝ አያስገርምም። ያውርዱት፣ ይለኩት፣ ይሙሉት።

ስኮርታውም ደህና ከሆነ፣ ዳሽቦርዱ ላይ የኤቢኤስ መብራት አብሮ መብራቱን ይመልከቱ። በጎማው ውስጥ ሴንሰር በሌላቸው መኪኖች ላይ ሁለቱ አንድ ላይ ከበሩ ጥፋቱ ከጎማው ሳይሆን ከጎማ ፍጥነት ሴንሰሩ ወይም ከገመዱ ነው፤ ሴንሰሩ ላይ የተጋገረ ጭቃና የፍሬን ብናኝም ይህን ያመጣል። ያኔ መኪናዋ የምትሄደው ወደ ጎሚስታ አይደለም፤ ኮድ ወደሚያነብ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው።